ኪት ሄሪንግ፤ የጠመኔው ሠዓሊ

ተማሪዎች ሆይ፣ ዘወትር ከፊት ለፊታችሁ የሚታያችሁን ጥቁር ሰሌዳና መምህራችሁ የሚጽፉበትን ነጭ ጠመኔ እስቲ ለአንድ አፍታ ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። በጠመኔ የተጻፈ ነገር ዕድሜው አጭር ነው። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ ተጠርጎ ይጠፋል፤ ሳይጠረግ ቢቀር እንኳ የአላፊ አግዳሚው ልብስ ያብሰዋል። ስለዚህ ጠመኔን ለትልቅ ሥራ የሚመርጥ ሠዓሊ ይኖራል ብሎ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። አሁን የሕይወት ታሪኩን የምታነቡለት ሰው ግን ስሙን በዓለም ያስጠራው በዚሁ በሚጠፋ ጠመኔ፣ የክፍላችሁን ሰሌዳ በሚመስል ጥቁር ወረቀት ላይ በመሣል ነው። ሥዕሎቹን ለሕዝብ ያሳየበትም ቦታ ቤተ መዘክር ወይም የባለጸጎች አዳራሽ ሳይሆን፣ ሠራተኛው፣ ተማሪውና ሥራ ፈላጊው ተጋፍቶ የሚያልፍበት የኒው ዮርክ ከተማ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነበር። በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስታውሱ።

ኪት ሄሪንግ ሜይ 4 ቀን 1958 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫኒያ ክፍለ ግዛት፣ ሬዲንግ በተባለች ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን ከዚያ ብዙ በማትርቀው በትንሿ ኩትዝታውን ነው። ለወላጆቹ የመጀመሪያ ልጅ ሲሆን ሦስት ታናናሽ እኅቶች ነበሩት። አባቱ በሙያው መሐንዲስ ቢሆንም በትርፍ ጊዜው የካርቱን ሥዕል መሣል ይወድ ነበርና ለልጁም ገና በሕፃንነቱ ይህንኑ አስተማረው። የካርቱን ሥዕል ስንል ሰውን፣ እንስሳን ወይም ዕቃን በጥቂትና ግልጽ በሆኑ መስመሮች አጋኖ የሚያሳየውን፣ ብዙውን ጊዜም የሚያስቀውን የሥዕል ዓይነት ማለታችን ነው። ሕፃኑ ኪት ከአባቱ ሌላ አስተማሪዎቹ ዋልት ዲዝኒ፣ ዶክተር ሱስና ቻርልስ ሹልዝ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ለልጆች በሠሯቸው ፊልሞች፣ መጻሕፍትና የጋዜጣ ሥዕሎች መስመር ብቻውን ታሪክ መናገር እንደሚችል አሳይተውታል።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1976 ዓ.ም. ከፈጸመ በኋላ ፒትስበርግ ወደሚገኝ አንድ የሥዕል ትምህርት ቤት ገባ። ትምህርት ቤቱ ተማሪዎቹን የሚያዘጋጀው ለማስታወቂያና ለንግድ ለሚውል ሥዕል ነበር። ወጣቱ ሄሪንግ ግን ሌላው የሚያዝዘውን እየሣሉ መኖር እንደማይስማማው ብዙም ሳይቆይ ስለ ገባው ከሁለት የትምህርት ወቅት በኋላ ትቶ ወጣ። በዚያው ከተማ ሳለ በ1977 ዓ.ም. ፒየር አለሺንስኪ የተባለውን የቤልጅግ ሠዓሊ ሥራዎች በአንድ ትልቅ ትርኢት ላይ አየ። የአለሺንስኪ ሥዕሎች ሰፋፊ ነበሩ፤ መስመሮቻቸውም እንደ እጅ ጽሕፈት ሳይቋረጡ የሚፈስሱ ነበሩ። ሄሪንግ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሣለው የኖረው ዓይነት መስመር በትልቅ ገጽ ላይ ሊሠራ እንደሚችል ያን ዕለት ተረዳ። በ1978 ዓ.ም. ዕድሜው ሃያ ዓመት ሲሆን ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ኒው ዮርክ ሄደና በዚያ በሚገኘው የእይታ ጥበባት ትምህርት ቤት ተመዘገበ።

ኒው ዮርክ በዚያን ጊዜ ዛሬ በፊልም የምታዩአት ዓይነት ከተማ አልነበረችም። በ1975 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር ዕዳውን መክፈል ተስኖት ሊከስር ጥቂት ቀርቶት ነበር። የዚህ ጉዳት ጎልቶ የታየው በምድር ውስጥ ባቡሩ ላይ ነው። በ1904 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ሌትም ቀንም ሳያቋርጥ የሚሠራና በመቶ የሚቆጠሩ ጣቢያዎች ያሉት ሲሆን ያለ እርሱ ከተማይቱ አንድ ቀን እንኳ መዋል አይሆንላትም። ሆኖም ሠረገላዎቹ ያረጁ፣ ጣቢያዎቹ የቆሸሹ፣ ወንበዴም የሚያዘወትራቸው ሆነው ነበር። ወጣቶች ሌሊት ወደ ባቡሮቹ ማደሪያ እየገቡ በሚረጭ ቀለም ስማቸውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጽፉባቸው ነበር። ለብዙው ሰው ይህ ዓይን የሚያሳምም ርኩሰት ነበር። ሄሪንግ ግን በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የእጅ ጥበብን አየ፤ ጸሐፊዎቹን ያደንቅ ነበር እንጂ የእነርሱን መንገድ አልተከተለም። የራሱን መንገድ ያገኘው በአጋጣሚ ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። በጣቢያዎቹ ግድግዳ ላይ ለማስታወቂያ የሚከራዩ ሰፋፊ ሰሌዳዎች ነበሩ። የአንዱ ማስታወቂያ የኪራይ ጊዜ ሲያልቅና ሌላ ተከራይ ሳይገኝ ሲቀር ሠራተኞች መጥተው አሮጌውን ማስታወቂያ ለስላሳና የማያብረቀርቅ ጥቁር ወረቀት ያለብሱታል። ወረቀቱ አዲስ ማስታወቂያ እስኪመጣ ድረስ ባዶውን ይቆያል። በየቀኑ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ በእነዚህ ጥቁር ወረቀቶች ፊት ያልፍ ነበር፤ ነገር ግን ምንም ስለሌለባቸው ማንም አያያቸውም ነበር። በ1980 ዓ.ም. ሄሪንግ ታይምስ ስኩዌር በተባለው ጣቢያ ባቡር ሲጠብቅ ከእነዚህ ወረቀቶች አንዱ ድንገት ዓይኑን ሳበው። ወዲያውኑ ደረጃውን ወጥቶ ወደ መንገድ ሄደና ከአንድ ሱቅ ነጭ ጠመኔ ገዝቶ ተመለሰ። ከዚያም ሣለ።

እስቲ ይህን ሥራ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ባቡር እየመጣ ይሄዳል፤ ከኋላችሁ ሕዝብ ይጋፋል፤ ፖሊስ በማንኛዋም ደቂቃ ሊደርስ ይችላል። ጠመኔው በጥቁሩ ወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ካለፈ ተመልሶ ማረም አይቻልም፤ ለማጥፋት ቢሞክሩ ነጭ እድፍ ይተዋል። እርሳስና ላጲስ ይዞ ማሰብ የለም፤ የሚሣለውን ነገር አስቀድሞ በልብ መጨረስ ያስፈልጋል። ሄሪንግ አንዱን ሥዕል የሚጨርሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ነበር። አንዱን ጨርሶ ባቡር ይሳፈርና በሚቀጥለው ጣቢያ ወርዶ ሌላውን ይጀምራል። በአንድ ቀን እስከ አርባ ሥዕል የሠራበት ጊዜ ነበር። ለዚህ ድካሙ የሚከፍለው ማንም አልነበረም፤ ሥዕሎቹ ላይም ስሙን አይጽፍም ነበር።

ሥዕሎቹ ቀላል መስለው የሚታዩ ናቸው። ጨረር የከበበው በእጁና በጉልበቱ የሚድኽ ሕፃን፣ አፉን ከፍቶ የሚጮኽ ውሻ፣ ከሰማይ ብርሃን የምትለቅቅ በራሪ ሳሕን፣ እጃቸውን ዘርግተው የሚጨፍሩ ፊት የሌላቸው ሰዎች፣ በገመድ የተጎተተ፣ በዱላ የተመታ፣ በቴሌቪዥን የተዋጠ ሰው። ሆዱ ላይ ቀዳዳ ያለው ሰውም አለ። የሙዚቃው ሰው ጆን ሌነን በ1980 ዓ.ም. ማለቂያ በዚያው በኒው ዮርክ በጥይት በተገደለ ማግስት ይህ ሥዕል በሄሪንግ ልቡና ውስጥ መጣ፤ ከዚያም ወዲህ ያንን ቀዳዳ ከዚያ ሞት ለይቶ ማየት አልቻለም። ሰዎቹ ነጭ ይሁኑ ጥቁር፣ ሀብታም ይሁኑ ድኻ አይታወቅም። ፊት የላቸውምና ተመልካቹ ማንንም ሊያደርጋቸው ይችላል። የመስመሩ ውበት በውፍረቱ እኩልነትና ሳይንቀጠቀጥ በመሄዱ ነው፤ ካላመናችሁ እናንተም በሰሌዳችሁ ላይ አንድ የሚድኽ ሕፃን ጠመኔውን ሳታነሡ ለመሣል ሞክሩ።

ሰዎች ከበው ይመለከቱት ነበር፤ ምን ማለቱ እንደ ሆነም ይጠይቁት ነበር። በቤተ መዘክር ውስጥ ሠዓሊውን አግኝቶ ይህ ምንድን ነው ለማለት የሚታደል ሰው ጥቂት ነው። በጣቢያው ውስጥ ግን ሕፃናትና ሽማግሌዎች፣ ሥዕል አይተው የማያውቁም ጭምር፣ ያለ ሐፍረት ይጠይቁታል። እርሱ ግን ፍቺውን አይነግራቸውም፤ ትርጉሙን ማግኘት የተመልካቹ ድርሻ ነው ብሎ ያምን ነበር። በዚህ ፈንታ የሚድኸው ሕፃን የታተመባት ትንሽ የደረት ምልክት ከኪሱ አውጥቶ ይሰጣቸዋል። ምልክቷን ያደረጉ ሁለት እንግዳ ሰዎች ባቡር ውስጥ ሲገናኙ የሚነጋገሩበት ጉዳይ አገኙ።

ሥራው ግን ሕገ ወጥ ነበር። ሄሪንግ ብዙ ጊዜ የመቀጫ ወረቀት ተሰጥቶታል፤ እጁ በካቴና ታስሮ ወደ ፖሊስ ጣቢያ የተወሰደባቸውም ጊዜያት አሉ። አንዳንዴ ግን ይዞት የመጣው ፖሊስ እስኪያፍር ድረስ ሌሎቹ ፖሊሶች ሥዕሎቹን የሚያደንቁ ሆነው ተገኝተው እጁን ሊጨብጡት ይሽቀዳደሙ ነበር። እዚህ ላይ ሕጉ ከንቱ ነበር ብላችሁ እንዳትፈርዱ። ጣቢያው የሕዝብ ንብረት ነው፤ ማንም ደስ ያለውን በግድግዳው ላይ ይሥራ ከተባለ አንድ ሄሪንግ ሲመጣ መቶ አበላሺ አብሮ ይመጣል። በሌላ በኩል ደግሞ ገንዘብ የከፈለ ነጋዴ በዚያ ግድግዳ ላይ ስለ ሲጋራውና ስለ መጠጡ ያሻውን ሲናገር፣ ገንዘብ የሌለው ሰው ግን ባዶ በሆነው ወረቀት ላይ እንኳ አንዲት መስመር ማሥመር የተከለከለበትን ምክንያት መጠየቅ ተገቢ ነው። ሄሪንግ ወረቀቱን አልቀደደም፤ ግድግዳውንም አላበላሸም። አዲስ ማስታወቂያ ሲመጣ ሥዕሉ ያለ ክርክር ከሥር ይቀበራል። የሚገርመው ነገር፣ ጠመኔው በጣት ብቻ ሊጠፋ የሚችል ሆኖ ሳለ ብዙው ሕዝብ ሳይነካው ይተወው ነበር። በሚረጭ ቀለም የማይጻፍበት ነገር በሌለበት በዚያ ጣቢያ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ሥዕሎቹን ያጠፋቸው የተመልካች ጥላቻ አልነበረም፤ ፍቅርም ሊባል አይችል እንደሆነ እንጂ ዋጋቸው ነው። በ1982 ዓ.ም. ሄሪንግ በአንድ የታወቀ የኒው ዮርክ የሥዕል አዳራሽ ሥራዎቹን ለብቻው አሳየ። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር ካስል በተደረገው ዶኩሜንታ በተባለው ታላቅ ትርኢት ተካፈለ። ስሙ በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተሰማ፤ በሸራ ላይ የሠራቸው ሥዕሎች በብዙ ሺህ ዶላር ይሸጡ ጀመር። ይህን የሰሙ ሰዎች በጣቢያው ውስጥ በነጻ የተሰቀለ ሀብት እንዳለ ተገነዘቡ። ሄሪንግ ሥሎ በሄደ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለት ይዘው እየመጡ ጥቁሩን ወረቀት ከነሥዕሉ እየገነጠሉ ወሰዱት። ለሕዝብ የተሠራው ሥዕል ሕዝብ ሳያየው ወደ ነጋዴ መደብር መግባት ጀመረ። እንግዲህ አስቡት፤ ከዚህ በኋላ መሣል ማለት ለሌባ መሥራት ማለት ነበር። በ1985 ዓ.ም. ሄሪንግ የጣቢያውን ሥራ አቆመ። ፖሊስ አምስት ዓመት ሙሉ ሊያስተወው ያልቻለውን ሥራ ገበያ አስተወው።

ይህ ታሪክ ጨርሶ ሳይጠፋ የደረሰልን በአንድ ወዳጁ ትጋት ነው። ሴንግ ክዎንግ ቺ በሆንግ ኮንግ የተወለደ ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። ሄሪንግ በየትኛው ጣቢያ እንደ ሣለ ይነግረዋል፤ እርሱም ሥዕሎቹ በማስታወቂያ ሳይሸፈኑ ወይም ሳይሰረቁ ካሜራውን ይዞ ይሮጣል። ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን የጣቢያውን ዓምዶች፣ ቆሻሻውን፣ ባቡር የሚጠብቀውንም ሰው አብሮ ያነሣ ነበር። ከፎቶግራፎቹ የተመረጡት በ1984 ዓ.ም. በመጽሐፍ ታትመዋል።

ሄሪንግ ከምድር በታች ወጣ እንጂ ከሕዝብ መንገድ አልወጣም። ቀደም ሲል በ1982 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በኑክሊየር መሣሪያ ላይ ለተደረገው ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ 20,000 ፖስተር በራሱ ገንዘብ አሳትሞ በነጻ አድሎ ነበር። በ1985 ዓ.ም. የደቡብ አፍሪካን የዘር መድሎ አገዛዝ የሚቃወም ፖስተር ሠራ። በዚህ ፖስተር ላይ አንድ ግዙፍ ጥቁር ሰው አንገቱ ላይ ገመድ አሥሮ ሊገዛው የሚሞክረውን ትንሽ ነጭ ሰው በእግሩ ሲረግጠው ይታያል። በ1986 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አንድ ሱቅ ከፍቶ ሥዕሎቹ የታተሙባቸውን ከነቴራዎችና ልዩ ልዩ ዕቃዎች ለማንም በሚገኝ ዋጋ መሸጥ ጀመረ። ብዙ ሐያስያን ጥበብን ወደ ሸቀጥ ለወጠ ብለው ነቀፉት። ነቀፋው ከፊል እውነት ሊኖረው ይችላል፤ ነገር ግን አንድ ሸራ ሥዕል ለመግዛት የማይችል ወጣት ከነቴራውን መግዛት ይችል እንደ ነበር አትዘንጉ።

በዚያው በ1986 ዓ.ም. ክራክ የተባለው አደንዛዥ ዕፅ በኒው ዮርክ ድኻ ሰፈሮች ውስጥ ወጣቱን ይጨርስ ነበር። ከሄሪንግ ረዳቶችም አንዱ በዚሁ ሱስ ተይዞ ነበር። ሄሪንግ በሀርለም፣ አውራ ጎዳና በሚያልፍበት የኳስ መጫወቻ ሜዳ ግንብ ላይ፣ ያለ ፈቃድ፣ በትልልቅ ፊደላትና አስፈሪ ምስሎች ዕፁን የሚያወግዝ ሥዕል ሣለ። ፖሊስ ይዞ ከሰሰውና መቶ ዶላር ተቀጣ። ጋዜጦች ግን ነገሩን አነሡት፤ ሕዝቡም ለሠዓሊው አደላ። ሥዕሉ ሌሎች ሰዎች አበላሽተውት ከተሸፈነ በኋላ የከተማው የመናፈሻ ባለሥልጣን ሄሪንግን ጋብዞ በዚያው ግንብ ላይ እንደገና እንዲሥል ፈቀደለት። የኋለኛው ሥዕል በየጊዜው እየታደሰ ቆይቷል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የበርሊንን ግንብ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ቀብቶ በጀርመን ሰንደቅ ዓላማ ቀለማት እጅና እግራቸው የተያያዘ የሰዎች ሰንሰለት ሣለበት። ይህ ሥዕል ብዙም ሳይቆይ በሌሎች ሥዕሎች ተሸፈነ፤ ግንቡም በ1989 ዓ.ም. ፈረሰ። በ1987 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ በሚገኘው በኔኬር የሕፃናት ሆስፒታል የውጭ ደረጃ ማማ ላይ ሕሙማን ሕፃናት በመስኮት እያዩ እንዲደሰቱበት ትልቅ ሥዕል ሠራ።

በ1988 ዓ.ም. ሄሪንግ ኤድስ እንዳለበት ተነገረው። በዚያን ጊዜ ይህ በሽታ ፍቱን መድኃኒት አልነበረውም፤ ብዙ ወዳጆቹም ቀድመውት ሞተው ነበር። ብዙ ሰው በሽታውን በሚደብቅበት በዚያ ዘመን እርሱ በይፋ ተናገረ፤ ሌሎችን ለማስጠንቀቅም ሥዕሉን ተጠቀመበት። በ1989 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማንንና ሕፃናትን የሚረዱ ድርጅቶችን የሚደግፍ አንድ ተቋም በስሙ መሠረተ። የሥራ ፍጥነቱ ቀድሞም ከፍ ያለ ነበር፤ አሁን ግን ቀኑን ከሌሊት አልለየም።

በዚያው በ1989 ዓ.ም. በጁን ወር ወደ ኢጣልያ፣ ወደ ፒዛ ከተማ ሄደ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ የፒዛ ተማሪ በኒው ዮርክ መንገድ ላይ አግኝቶት ያነሣለት ሐሳብ ነበር ወደዚያ ያመጣው። በባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚገኘው የቅዱስ አንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የጀርባ ግድግዳ 180 ካሬ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ሄሪንግ በመወጣጫ ላይ ቆሞ፣ የወረቀት ንድፍ ሳይዝ፣ እንደ ጣቢያው ዘመን በቀጥታ ሠላሳ ምስሎችን እርስ በርሳቸው አያያዘና በሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ጨረሰ። የከተማው ሰዎች ወንበር ሳይሹ ቆመው ይመለከቱት ነበር። ይህ ሥዕል በጠመኔ አልተሠራም፤ ለብዙ ዘመን እንዲቆይ በጥሩ ቀለም የተሠራ ነው። ሰውዬው ራሱ ዕድሜው እያለቀ መሆኑን በሚያውቅበት ወቅት ነበርና ልዩነቱን ልብ በሉ። ሄሪንግ ፌብሩዋሪ 16 ቀን 1990 ዓ.ም. በሠላሳ አንድ ዓመቱ በኒው ዮርክ ዐረፈ። ፎቶግራፍ አንሺው ሴንግ ክዎንግ ቺም ከአንድ ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ በዚያው በሽታ ሞተ።

ሄሪንግ የጣቢያውን ሥራ በተወበት በ1985 ዓ.ም. የኒው ዮርክ የባቡር መሥሪያ ቤት ለጣቢያዎቹ የሚሆን ሥዕል በሕጋዊ መንገድ የሚያሠራ ክፍል አቋቋመ። በዚህ ክፍል አማካይነት ሮይ ሊክተንስታይን የተባለው የካርቱን አሣሣልን ወደ ታላላቅ ሸራዎች ያመጣ ዝነኛ ሠዓሊ፣ አሥራ ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የግድግዳ ሥዕል በብረት ላይ በተቀለጠ ቀለም አዘጋጀ። ሠዓሊው በ1997 ዓ.ም. ሲሞት ሥዕሉ ገና አልተሰቀለም ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተተከለው ሄሪንግ የመጀመሪያውን ባዶ ወረቀት ባየበት በታይምስ ስኩዌር ጣቢያ ነው። ያ ሥዕል ተከፍሎበታል፤ ተፈቅዶለታል፤ በጣት አይጠፋም፤ በስለትም አይገነጠልም።

ከግድግዳ የተገነጠሉት የሄሪንግ ወረቀቶች ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወሩ ቆይተው ከእነርሱ ሠላሳ አንዱ በ2024 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በጨረታ ቀረቡ። የተሸጡበት ዋጋ በድምሩ ከዘጠኝ ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር። ሥዕሎቹን በመጀመሪያ ቦታቸው፣ ከዓምዱና ከቆሻሻው ጎን፣ ባቡር ከሚጠብቀው ሰው ጋር ማየት የሚሻ ሰው የሚያገኛቸው በሴንግ ክዎንግ ቺ ፎቶግራፎች ውስጥ ነው።